አንበሳው ስንት ዓይን ይኑረው? የአንድ ተረት ስዕል የሥራ ማስታወሻ

መስከረም መጨረሻ

ጎንደር ፒያሳ አካባቢ አንዲት የልጆች ንባብ ክፍል አለች። ለግድግዳዋ ትልቅ የተረት ስዕል እንድሠራ ተጠይቄ እሺ ብያለሁ። ተረቱን የመረጡት ልጆቹ ናቸው። ጅብም፣ ጦጣም፣ ቀበሮም ቀርበውላቸው ነበር። እነሱ ግን የአንበሳው ፀጉር ይሁን አሉ።

ተረቱን የማያውቅ ካለ ባጭሩ ልንገረው። አንዲት ሴት ሚስቱ የሞተችበትን ሰው ታገባለች። ሰውየው ትንሽ ወንድ ልጅ አለው። ልጁ እንጀራ እናቱን አይቀርብም። የሠራችውን አይበላም፤ ስትጠራውም ዞር አይልላትም። ሲጨንቃት አንድ አዋቂ ዘንድ ሄደች። ልጁ እንዲወደኝ መድኃኒት ይስጡኝ አለች። አዋቂውም ከሕያው አንበሳ ፊት የተነቀለ ፀጉር ካመጣሽ እሠራልሻለሁ አላት። ሴትየዋ ሥጋ ይዛ ወደ ዱር ወረደች። መጀመሪያ ከሩቅ አስቀምጣ ሸሸች። በሚቀጥለው ቀን ትንሽ ቀረብ አለች። እንዲህ እያለች አንበሳውን ከእጇ እስከ ማብላት ደረሰች፤ ፀጉሩንም ነቀለች። ይዛ ስትመለስ አዋቂው መድኃኒቱን አልሠራላትም። አንበሳ ያላመድሽ ሴት ልጅ እንዴት ያቅትሻል፣ እሱንም እንደዚያው ቅረቢው አላት።

ተረቱ ለስዕል ይመቻል፤ አንበሳ አለበት። ይከብዳልም፤ ዋናው ነገር በዓይን አይታይም። ትዕግሥት መልክ የለውም። ፍርሃት ሲቀንስ፣ የልጅ ልብ ሲመለስ በምን ይሳላል? ይህን ማስታወሻ የምይዘው ለዚህ ጥያቄ ነው።

ሰሌዳው አንድ ሙሉ ኮምፔንሳቶ ነው። 2 ሜትር ከ44 በ1 ሜትር ከ22። አቡጀዲ በኮላ ለጥፌበት ነጭ ቅብ ደርቤበታለሁ። እንጨቱ ላይ በቀጥታ መቀባት ይቻላል፤ እኔ ግን ጨርቅ እመርጣለሁ። በአብያተ ክርስቲያኖቻችን ግድግዳ ላይ የምናያቸው ብዙዎቹ ስዕሎችም ጨርቅ ላይ ተሥለው የተለጠፉ ናቸው።

እርሳስ ከማንሳቴ በፊት ግን ከልጆቹ ጋር ሌሎች የሠሯቸውን የተረት ስዕሎች ማየት ፈልጌአለሁ።

ቅዳሜ ጠዋት፤ ተኩላውና ባለ ቀይ ቆቧ ልጅ

በዶሬ ጀመርን። ጉስታቭ ዶሬ ፈረንሳዊ ሰዓሊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1832 ስትራስቡርግ ተወለደ፤ በ1883 ፓሪስ ሞተ። በ1862 የፈረንሳዊውን ደራሲ የሻርል ፔሮን ተረቶች በስዕል አጅቦ በትልቅ መጽሐፍ አወጣ። ተረቶቹ ራሳቸው የታተሙት ግን ከእሱ እጅግ ቀድመው በ1697 ነው። እኛ ጋ አድያም ሰገድ ኢያሱ የነገሠበት ዘመን ነው።

ከመጽሐፉ የባለ ቀይ ቆቧን ልጅ ተረት ሁለት ስዕሎች ፎቶ ኮፒ ቤት በኤ3 አስወጥቼ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁ። አያቷን ልትጠይቅ የምትሄድ ልጅ ጫካ ውስጥ ተኩላ ታገኛለች፤ ተኩላው ቀድሟት ሄዶ አያትየዋን ይበላል፤ አልጋዋ ላይ ተኝቶም ልጅቷን ይጠብቃል። ልጆቹን "ይህ ምንን ይወክላል?" ብዬ አልጠየቅኋቸውም። እንደዚያ ሲጠየቁ አስተማሪ የሚወደውን መልስ ይፈልጋሉ። የጠየቅኋቸው አንድ ነገር ነው። ማን ማንን ያያል?

የመጀመሪያው ስዕል ጫካ ውስጥ ነው። ልጅቷና ተኩላው ተገናኝተዋል። ተኩላው ጀርባውን ለእኛ ሰጥቷል፤ ፊቱን በወጉ አናየውም። የልጅቷ ፊት ግን ተገልጧል፤ ዓይኗ እሱ ላይ ነው። አንዲት ልጅ "ፊቱን ለምን ደበቀው?" ብላ ጠየቀች። አጠገቧ ያለው ልጅ "እሷ ብቻ እንድታየው" አላት።

ከዚህ የተሻለ መልስ የለኝም። ተኩላው ምን እንደሚመስል የምናውቀው በልጅቷ ፊት በኩል ነው። እሷ ደግሞ አልሸሸችም፤ ቆማ ታየዋለች። የሚያስፈራው ይህ ቆማ ማየቷ ነው። ጥርስና ጥፍር ቢታይ ኖሮ ይህን ያህል ባልያዘን ነበር።

ሁለተኛው ስዕል አልጋ ላይ ነው። ተኩላው የአያትየዋን የሌሊት ቆብ አጥልቋል። ልጅቷ አንሶላውን ወደ ደረቷ ሰብስባ ታየዋለች። ልጆቹ መጀመሪያ ቆቡን አይተው ሳቁ። ቀጥሎ የልጅቷን ዓይን አዩና ሳቁ ቆመ። አንዱ "አዳኝ መጥቶ ያወጣታል" አለ። ያ የጀርመኖቹ ወንድማማቾች የግሪም መጨረሻ ነው፤ በ1812 ያሳተሙት። በፔሮ ተረት የሚያድናት የለም፤ ተበልታ ያልቃል። ይህን ስነግራቸው ክፍሉ ውስጥ ጭቅጭቅ ተነሳ። ጭቅጭቁን ወድጄዋለሁ።

አንድ ሌላ ነገር። ቆቧ ምን ዓይነት ቀለም አለው ብላቸው ሁሉም ቀይ አሉ። ወረቀቱ ላይ ቀይ የለም። የዶሬ ሥራ እንጨት ላይ ተቀርጾ በጥቁር የታተመ ነው። ስለ ቀዩ ቆብ ብዙ ተብሏል። ደም ነው የሚል አለ፤ ልጅነት ማለቁ ነው የሚል አለ፤ አደጋ ነው የሚልም አለ። የትኛውንም አልጥልም። ግን ይህ ስዕል ቀይ ሳይኖረው ይህን ሁሉ ይናገራል። የሚናገረው ማን የት እንደቆመ፣ ማን ጀርባውን እንደሰጠ፣ ዓይን ከየት ወደ የት እንደሄደ በማሳየት ነው። ለእኔ የምልክት ትርጉም ከዚህ በኋላ የሚመጣ ነገር ነው። መጀመሪያ አቀማመጡ ይነበብ።

ማክሰኞ ማታ፤ ሙቀጫ የምትነዳ አሮጊት

ኢቫን ቢሊቢን ሩሲያዊ ነው። ከ1899 ጀምሮ በነበሩት ጥቂት ዓመታት የአገሩን ተረቶች ሣለ። በ1942 ሌኒንግራድ በጀርመን ጦር ተከባ ሳለች እዚያው ሞተ። የዶሬን ጥላና ብርሃን ከእሱ አትጠብቁ። መስመሩ ደማቅ ነው፤ ቀለሙ ጠፍጣፋ ነው። ዙሪያውን ደግሞ በጌጥ ያጥራል። ለጎንደር ሰው ዓይን ከዶሬ ይልቅ ቢሊቢን ይቀርባል።

የ1900ው ስዕሉ ባባ ያጋን ያሳያል። የጫካ አሮጊት ናት። ሙቀጫ ውስጥ ሆና ትበራለች፤ ዘነዘናና መጥረጊያ ይዛለች። ልጆቹ ዕቃዎቹን ወዲያው አወቋቸው። ልጇን ልትወስድ የመጣች አንዲት እናት ከኋላ ሆና "ሙቀጫ ላይ መቀመጥማ ነውር ነው!" አለች። የስዕሉ ጉልበት እዚያ ነው። እንግዳ ነገር አላመጣም። ማጀት ያለውን ዕቃ አውጥቶ ሰማይ ላይ አደረገው፤ የለመድነው ነገር ከቦታው ሲነሳ ያስፈራል።

ከዚያ ወደ ቫሲሊሳ አለፍን። ቫሲሊሳን እንጀራ እናቷ እሳት አምጪ ብላ ወደ ባባ ያጋ ትልካታለች። በቢሊቢን ስዕል ልጅቷ በእንጨት ጫፍ የተሰካ የራስ ቅል ይዛ በሌሊት ትሄዳለች። ከቅሉ የዓይን ጉድጓዶች ብርሃን ይወጣል። ያ ብርሃን ቤት ሲደርስ እንጀራ እናቷንና ልጆቿን አቃጥሎ አመድ ያደርጋል።

እዚህ ላይ ክፍሉ ጸጥ አለ። ከልጆቹ መካከል በእንጀራ እናት እጅ የሚያድጉ እንዳሉ አውቃለሁ። ስለዚህ ጥያቄው ለእኔ የስዕል ብቻ አይደለም። አውሮፓም ሩሲያም ተረት ላይ እንጀራ እናት መጥፎ ናት። እኛም ዘንድ ስሟ አያምርም። የመረጥነው ተረት ግን ጀግናው እንጀራ እናትየዋ ናት። የሹል አፍንጫ፣ የቀጭን ከንፈር፣ የጠቆረ ቅንድብ ልማድ ሳይታወቀኝ እጄ ላይ ሊመጣ ይችላል። ይህን ነገር ከወዲሁ መጠበቅ አለብኝ።

ሐሙስ፤ ደብረ ብርሃን ሥላሴ

ከትምህርት በኋላ ልጆቹን ይዘን ወጣን። ጫማ አውልቀን ገባን። ሁሉም መጀመሪያ ወደ ጣሪያው አንጋጠጠ። ክንፍ ያላቸው የመላእክት ፊቶች በረድፍ ተደርድረዋል። ሁሉም ሁለት ሁለት ዓይን አላቸው። የትም ጥግ ብትቆም የሚያይህ አይጠፋም።

ለልጆቹ የቤት ሥራ ሰጠኋቸው። አንድ ዓይን ብቻ የሚታየውን ሰው ፈልጉ አልኳቸው። ጌታን በሚያንገላቱት መካከል ቶሎ አገኙ። በአገራችን የቤተ ክርስቲያን ስዕል በአብዛኛው ወጉ እንዲህ ነው። ጻድቁ ፊቱን ወደ እኛ ይሰጣል፤ ሁለት ዓይኑ ይታያል። ክፉው በጎን ይሳላል፤ አንድ ዓይን ብቻ ይኖረዋል። ይሁዳም እንደዚሁ። ሳይነገራቸው ግድግዳ እያዩ ያደጉ ልጆች ይህን ወግ ያውቁታል። አንዱን ልጅ "ይሄ ለምን መጥፎ ሆነ?" ብለው "አንዱን ዓይኑን ደብቋላ!" አለኝ።

ቀለም ግን እንዲህ ቁርጥ ያለ ነገር አይናገርም። ቅዱስ ጊዮርጊስ ነጭ ፈረስ ላይ ነው፤ ቅዱስ መርቆሬዎስ ጥቁር ፈረስ ላይ ነው። ሁለቱም ቅዱሳን ናቸው። ጥቁር ሁሉ ክፉ አይደለም። ዓይኑን ቁጠር፣ ከዚያ ቀለሙን ጠይቅ።

ወጥተን ዛፎቹ ሥር ተቀምጠን ሳለን አንድ ነገር ነገርኳቸው። እ.ኤ.አ. በ1590ዎቹ መጀመሪያ ሮም ላይ በዐረብኛ የታተመ፣ በስዕል የተሞላ ወንጌል ነበር። ያ መጽሐፍ እኛ አገር ገብቶ በ17ኛው ክፍለ ዘመን የጎንደር ብራና ሰዓሊዎች አዩት። ቅንብሩን ወሰዱ። ጥላውን ተዉት፤ ፊቱን ወደ ራሳቸው ፊት አዞሩት፤ በቀይና በቢጫ አደመቁት። ፋሲል ከተማዋን በ1636 ከቆረቆሩ በኋላ እዚህ ያደገው የአሳሳል ዘዴ እንዲህ ከውጭ የመጣን ነገር ተቀብሎ የራሱ የሚያደርግ ነበር። እኔም ዶሬን አይቼ ለጎንደር ግድግዳ ብሥል የተጠረገ መንገድ ላይ ነኝ ማለት ነው።

ጥቅምት መግቢያ፤ ንድፍ

በአንድ ሰሌዳ ላይ ታሪኩን ሁሉ ለማሳየት የቆየውን ዘዴ ወሰድኩ። አንድ ሰው በአንድ ስዕል ውስጥ ደጋግሞ ይታያል። የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ የቅዱሳን ገድል የሚነገረው እንደዚህ ነው።

ንድፉ ከግራ ይጀምራል። ቤቱ አለ፤ መሶቡ አለ፤ ልጁ ራቅ ብሎ ተቀምጧል። መሐል ላይ ወንዝ ይወርዳል። ከወንዙ ማዶ ሣር ነው፤ አንበሳው እዚያ ነው። ሴትየዋ ሥጋ ይዛ ትሻገራለች። በእያንዳንዱ ጊዜ ትቀርባለች፤ ስትቀርብም ትልቅ ትሆናለች። የራቀ ሰው ትንሽ የሆነው ከዓይናችን ስለራቀ አይደለም። በስዕሉ ውስጥ ትልቅነቷን የምትሰጣት ድፍረቷ ናት። ወንዙ የቤትና የዱር ድንበር ነው። የተረት ጫካ፣ የተረት ወንዝ፣ የተረት በር ሁሉ ሥራው ይህ ነው፤ ከተሻገርክ እንደ በፊቱ አትመለስም።

ዛሬ አንድ ነገር አገኘሁና ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም። የሴትየዋን ክንድ ከአንበሳው አፍ ፊት ስሥል እጇ የጉርሻ እጅ ሆነ። ጣቶቹ የተሰበሰቡ፣ መዳፉ ወደ ላይ፣ ክርኑ ትንሽ የታጠፈ። አስቤው አይደለም፤ ለማብላት የተዘረጋ እጅ እኛ ጋ ሌላ መልክ የለውም። ወዲያው ወደ ግራ ተመልሼ መሶቡ አጠገብ ያለችውን ሴትዮ በዚያው እጅ ሣልኳት። ያ ጉርሻ ልጁ እንቢ ያለው ነው። መጨረሻ ላይ ደግሞ ልጁ የሚጎርሰው እጅ ይኸው ይሆናል። ያው ክንድ፣ ያው አጣጠፍ። እንቢ ያለ ልጅ፣ የቀረበ አንበሳ፣ የጎረሰ ልጅ። ትዕግሥት መልክ የለውም ብዬ ነበር የጻፍኩት። አሁን የማይለወጥ እጅ መልኩ ሊሆን ይችላል ብዬ አስባለሁ።

ዓይኑ ግን ገና ነው። ልጁ ሴትየዋን እንደ ክፉ ስለሚያያት መጀመሪያ ላይ በጎን፣ በአንድ ዓይን ልሥላት? ወይስ ፊቱን ያዞረው ልጁ ስለሆነ በጎን የሚሳለው እሱ ይሁን? ሁለቱንም በተለያየ ወረቀት ነደፍኩ።

እሑድ ከሰዓት፤ የኔታ ዘንድ

ቁስቋም አካባቢ የሚኖሩ አንድ አረጋዊ የቤተ ክርስቲያን ሰዓሊ አሉ። ሁላችንም የኔታ ነው የምንላቸው። ሁለቱን ወረቀቶች ይዤ ሄድኩ። መነጽራቸውን አድርገው የመጀመሪያውን ረጅም ጊዜ አዩት።

"ይቺ ማን ናት?"

"እንጀራ እናትየዋ ናት የኔታ።"

"ምን በድላ ነው አንዱን ዓይኗን የነሳሃት?"

"ልጁ እንደዚያ ስለሚያያት ነው።"

"ልጁ ይፍረድባት። አንተ ለምን ትፈርድባታለህ? ስዕሉን የሚያይ ሰው የልጁን ልብ ከየት ያውቃል? የሚያየው ያንተን እጅ ነው።"

ሁለተኛውን ሰጠኋቸው። ልጁ በጎን ያለበትን። ይህንንም አልወደዱትም።

"እናቱ የሞተችበት ሕፃን! ይሄንንማ እንዲያው አታድርገው ልጄ።"

ቡና ተፈልቶ እስኪወርድ ስለ በላዔ ሰብእ አወሩኝ። ሰው ሲበላ ኖሮ ለአንድ የተጠማ ድሃ በእመቤታችን ስም ጥርኝ ውኃ የሰጠው ሰው ነው። ነፍሱ በሚዛን ስትቀርብ ያቺ ውኃ አመዘነችለት። የኔታ ያሉት ይህን ነው። ሚዛኑ ያለበትን ስዕል ስትሥል የሚያየው ሰው መጀመሪያ ፍርዱ ገና እንዳላለቀ ማወቅ አለበት። ሚዛኑ የሚወዛወዝ ይምሰል። ያለቀለት ሚዛን ከሣልክ ታሪኩን ገደልከው።

መንገድ ላይ ይህን እያወጣሁ እያወረድኩ ወደ ቤት ሄድኩ። ያልተፈረደበት ፊት እንዴት ይሳላል?

መልሱ የዶሬ ተኩላ ላይ ነበር። ፊቱ የማይታይ ሰው አንድ ዓይንም ሁለት ዓይንም የለውም። ልጁ ጀርባውን ለእኛ ይስጥ። በመጀመሪያው ትዕይንት የምናየው ትከሻውንና የተላጨ ራሱን ብቻ ይሁን። እንጀራ እናቱን እሱ እንደማያያት ሁሉ እኛም እሱን አናየውም። ፈረንሳዊው ጀርባን የተጠቀመው የሚያስፈራውን ለመደበቅ ነው። እኔ የምጠቀመው የሚያዝነውን ለመጠበቅ ነው። ሴትየዋ ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሁለት ዓይን ይኖራታል። ልጁ ፊቱን ወደ እኛ የሚመልሰው የጎረሰ ቀን ነው፤ ያን ጊዜ ሁለት ዓይኑ ይታያል።

ረቡዕ፤ አንበሳው

አንበሳው ላይ ሌላ ችግር መጣ። ሴትየዋ ከግራ ትመጣለች፤ አንበሳው እሷን ለማየት ወደ ግራ መዞር አለበት። ከዞረ በጎን ነው። በጎን ከሆነ አንድ ዓይን ነው፤ ልጆቹም ክፉ ነው ይላሉ። ፊቱን ወደ እኛ ካዞርኩት ደግሞ ሁለት ዓይን ይኖረዋል፤ ግን ሴትየዋን አያያትም። ማን ማንን ያያል ብዬ ልጆቹን የጠየቅኩት እኔ ነኝ። እሱን ጥያቄ መተው አልፈልግም።

ይህ አንበሳ ክፉ አይደለም። በእኛ አካባቢ አንበሳ በስዕል ሲታይ ብዙ ጊዜ ከቅዱስ ጋር ነው። አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ አንበሶችና ነብሮች ከበዋቸው ይቆማሉ። የዋልድባው አቡነ ሳሙኤል አንበሳ ላይ ተቀምጠው ይሳላሉ። ንድፉን ያየች አንዲት ትንሽ ልጅ "የአቦ አንበሳ ነው?" ብላኛለች። ፋሲል ግቢ ውስጥ ያለውን ባዶ የአንበሳ ቤት ያዩ ልጆች ደግሞ የነገሥታቱን አንበሳ ያስባሉ። ተረቱ ከእነዚህ ሁሉ ጋር ይኖራል። አንበሳው ኃይል ነው፤ ገና ያልቀረበ ኃይል።

መፍትሔው ከደብረ ብርሃን ሥላሴ መጣ። የጎንደር ዓይን ትልቅ ነው፤ ነጩ ሰፊ ነው፤ ብሌኑ ወደ ጥግ ይሄዳል። ፊቱ ወደ እኛ ሆኖ እይታው ወደ ሌላ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የአንበሳው አካል በጎን፣ ፊቱ ወደ እኛ፣ ብሌኖቹ ወደ ሴትየዋ። በመጀመሪያው ቀን ሣር ውስጥ ነው፤ ከሣሩ መሐል ሁለት ዓይን ብቻ ይታያል። ሥጋው እየቀረበ ሲሄድ አንበሳውም ከሣሩ እየወጣ ይሄዳል።

ቀለም

አክሪሊክ ነው የምጠቀመው። ግድግዳው የልጆች እጅ የሚደርስበት ስለሆነ መታጠብ የሚችል ነገር ያስፈልጋል።

ጀርባው ላይ ጥላ አላበዛሁም። ከላይ ቢጫ፣ ወደ ታች እየወረደ ቀይ ነው፤ በእቴጌ ምንትዋብ ዘመን የሚታወቀው ዓይነት ቅልቅል። ሴትየዋ ነጭ የሀበሻ ቀሚስ ለብሳለች። ለመለየት ቀይ ልብስ ላለብሳት አስቤ ነበር። ተውኩት። በተኩላው ተረት ምክንያት ቀይ የጫካዋ ልጅ ሆኖ ልጆቹ ራስ ውስጥ ገብቷል። ሌላ ተረት እዚህ እንዲገባ አልፈልግም።

ሐዘኑ በልብስ ይነገር። ልጁ ጥቁር ለብሷል፤ እናቱ ሞታበታለች። ሴትየዋም በመጀመሪያው ትዕይንት ነጠላዋን እንደ ሐዘንተኛ ለብሳለች፤ ጥለቱ ወደ ላይ፣ አንገቷ ላይ ነው። የሞተችውን ሴት አታውቃትም፤ ግን ቤቱ ሐዘን ላይ ስለሆነ እሷም ታዝናለች። በመጨረሻው ትዕይንት ጥለቱ ወደ ታች ወርዷል። የሩቅ አገር ሰው ይህን አያነበው ይሆናል። የጎንደር እናቶች ያነቡታል። ንባብ ክፍሉን የሚያጸዱት እማማ ገና ሳይደርቅ አይተው "ውይ፣ ለቀስተኛ ናት" አሉ።

ቅዳሜ፤ ፀጉሩ

አንድ ፀጉር በሁለት ሜትር ሰሌዳ ላይ እንዴት ይታያል? ትልቅ ባደርገው ገመድ ይሆናል።

ዶሬን እንደገና አየሁት። እንጨት ላይ ሲቀረጽ የተቆረጠው ቦታ ቀለም አይዝም፤ ነጭ ሆኖ ይቀራል። በዚያ መንገድ የተሠራ ብርሃን ከጨለማ ውስጥ የተፋቀ ነው። እኔም ሴትየዋ ፀጉሩን ይዛ ወንዙን ስትሻገር ከኋላዋ ያለውን ዛፍ በጣም አጠቆርኩት። ደርቆ ሲያልቅ በመርፌ ጫፍ አንድ መስመር ፋቅሁ። ከሥር ያለው ነጭ ቅብ ወጣ። ከአንድ እርምጃ ርቀት አይታይም። ጠጋ ሲሉ ይታያል። ልጆቹ ለማየት መጠጋት አለባቸው፤ ሴትየዋም ያደረገችው እሱን ነው።

እንደ ቫሲሊሳ የራስ ቅል ግን አላበራሁትም። ቅሉ እሳት አለው፤ ይፈርዳል፤ ያቃጥላል። ፀጉሩ በራሱ ምንም ኃይል የለውም። ኃይል ያለው ካስመሰልኩ ልጆቹ መድኃኒቱ ሠራ ብለው ይሄዳሉ።

ዙሪያውን እንደ ብራና ሐረግ አጠርኩት። ቢሊቢንም በስዕሎቹ ዳር የሚሠራው ይህን የመሰለ ነው፤ የተረቱን ነገሮች ወደ ጌጡ ያስገባቸዋል። በግራ በኩል ሐረጉ የመሶብ ስፌት ይመስላል፤ በቀኝ ሣርና እሾህ ነው። መሐል ላይ ሁለቱ ይጠላለፋሉ። እዚህ ላይ ብዙ አልቆየሁም። እጄ የሚያውቀው ሥራ ነው።

ኅዳር መጀመሪያ፤ አባትየው

ስዕሉ አለቀ ብዬ ልጆቹንና ወላጆቻቸውን ጠራሁ። ማንም ምንም ሳይላቸው ከግራ ወደ ቀኝ እየሄዱ ተረቱን ለራሳቸው ተረኩት። እጆቹ አንድ መሆናቸውን ከልጆቹ በፊት ያየው የለም። አንዱ ልጅ ክንዱን ዘርግቶ እያስመሰለ ሦስቱንም ቦታ አሳየ።

ከዚያ አንዲት እናት "አባትየው የት አለ?" አለች።

ጥያቄው ልክ ነው። በተረቱ አባትየው ያገባል፣ ከዚያ ይጠፋል። በብዙ ተረት እንዲህ ነው። የቫሲሊሳም አባት ርቆ ይሄዳል። ሁለት ያዘኑ ሰዎች አንድ ቤት ተትተው ይቀራሉ። አባትየውን ብሥለው ተረቱ የማያውቀውን ነገር እጨምራለሁ፤ የት ያይ፣ ስንት ዓይን ይኑረው? ጨርሶ ብተወው ደግሞ ያቺ እናት የጠየቀችውን የሚመልስ ነገር የለም።

ሁለት ቀን አስቤበት ቤቱ ውስጥ አንድ ባዶ በርጩማ ሣልኩ። በላዩ የታጠፈ ጋቢ አለ። በመጀመሪያውም በመጨረሻውም ትዕይንት አለ። የመጣው ሰው ዘመቻ ሄዷል ይበል፣ ንግድ ሄዷል ይበል፣ ደጅ ተቀምጧል ይበል፣ ራሱ ይወስን። ልጆቹ ከወዲሁ ተከራክረውበታል። አንዷ ጋቢው ስላለ ይመለሳል ባይ ናት።

የኔታ ትናንት መጥተው አዩት። ሴትየዋ ፊት ብዙ ቆሙ። ከዚያ የልጁ ጀርባ ላይ ጣታቸውን አሳርፈው "ይሄ ይሁን" አሉ። የአንበሳው የግራ ብሌን ግን ትንሽ ወደ ታች ወርዷል፣ ሥጋውን እንጂ እሷን አያይም አሉኝ። እውነት ነው፤ ዛሬ ጠዋት አንድ ጠብታ ጥቁር ጨምሬ ቀና አደረግሁት።

የቀረው ቫርኒሽ መቀባትና ሰሌዳውን ግድግዳው ላይ መስቀል ነው። ልጆቹ ምንጣፍ ላይ ነው የሚያነቡት። ስለዚህ ሰሌዳውን ለቆመ አዋቂ አልለካሁትም፤ የተቀመጠ ልጅ ቀና ሲል የመጨረሻው ትዕይንት ልጅ ፊት ለፊቱ እንዲመጣ አድርጌ ዝቅ አድርጌ ለክቻለሁ። ሚስማሩን ነገ እንመታለን።